መከለያ የሌለው ሮለር፣ በሽቦ የታሰረ ስዊች፦ ከደብረ ብርሃን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን አካባቢ በሚገኝ የብስኩት ፋብሪካ የማሽን ኦፕሬተር ነኝ፤ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የሊጥ መዳመጫው ሮለር ፊት የነበረው መከለያ ከተነሳ ወራት አልፈዋል። የማቡኪያው ክዳን ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆመው ስዊችም በሽቦ ታስሯል፤ ክዳኑ ክፍት እያለ ይዞራል። በተለይ በሌሊት ፈረቃ ሊጡ ሮለሩ ላይ እየቆመ ያስቸግረናል። የፈረቃ ኃላፊያችን «ማሽን አታቁሙ፣ በእጅ ገፋ አድርጉት» ይለናል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቶሎ ቶሎ እንድናጸዳ ይነገረናል። ባለፈው ሳምንት የጓደኛዬ ጥፍር ተቀጥቅጦ በጨርቅ አስራ ሥራዋን ቀጠለች። ብናገር ከሥራ እባረራለሁ፤ ዝም ብል እጄ ይሄዳል ብዬ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

ምላሽ፦

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ሁለት ነው፤ አንዱ ስለ እጅሽ፣ ሌላው ስለ እንጀራሽ። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። የእጅሽ ጉዳይ እስከ ነገ አይቆይምና ከእርሱ ልጀምር።

ሮለሩ እየዞረ እጅሽን አታስገቢ። ኃላፊው ቢቆጣም፣ ሊጡ ቢከመርም፣ አብረውሽ የሚሠሩት ቢያስገቡም አታስገቢ። ሊጡ ሲቆም ማቆሚያውን ተጫኚ፤ ሮለሩ ፈጽሞ መቆሙን በዓይንሽ አይተሽ ከዚያ አንሺው። በየጊዜው ጥቂት ደቂቃ ይባክናል፤ ይባክን። ለጊዜው ረጅም እጀታ ያለው የፕላስቲክ መግፊያ እንዲሰጣችሁ ጠይቂ፤ ስትይዢውም ሮለሩ ቢነክሰው ወዲያው የምትለቂው አድርገሽ ያዢው። መግፊያው ግን የመከለያውን ቦታ አይተካም፤ መከለያው እስኪመለስ እጅሽን ለማራቅ ብቻ ነው።

ይህን ያህል የማጠብቀው የሮለር አደጋ የሚያታልለው በዝግታው ስለሆነ ነው። መዳመጫ ሮለር እንደ መጋዝ አይጮህም፣ እንደ ወፍጮም አያስፈራም፤ ቀስ ብሎ ሲዞር ያየ ሰው «እጄን ቶሎ እመልሳለሁ» ይላል። እስቲ እናስላው። የሮለሩ ገጽ በደቂቃ 20 ሜትር ይጓዛል እንበል፤ ይህ በሴኮንድ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የጣትሽ ጫፍ በሁለቱ ሮለሮች መካከል ከተያዘ በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ ከ16 ሴንቲ ሜትር በላይ ይገባል፤ ይህ ከጣት ጫፍ እስከ አንጓ ያለው የአንድ ሰው እጅ ርዝመት ነው ማለት ይቻላል። ግማሽ ሴኮንድ ደግሞ ሰው ደንግጦ እጁን ለመሳብ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። የያዘው ጣት ባይሆን የሹራብ እጅጌ ቢሆንም ውጤቱ አንድ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሰው በጋውኑ ሥር ሹራብ ይደርባል፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ ይጠመጥማል። ሙቀቱን አትከልክሉት፤ እጅጌው ግን አንጓው ላይ የሚጣበቅ ይሁን፣ የሻርፑ ጫፍ ከጋውኑ ውስጥ ይግባ፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ከሮለሩ አጠገብ አይቅረቡ። የላስቲክ ጓንትም እጅን ከሮለር አያድንም፤ እንዲያውም ቀድሞ የሚያዘው እርሱ ነው።

ማቡኪያውን በተመለከተ፣ ክዳኑ ሲከፈት የሚያቆመው ስዊች በሽቦ ታስሯል ብለሻል። ሽቦው ለምን እንደታሰረ ጠይቀሻል? ሁለት ዓይነት መልስ ሊኖር ይችላል። አንዳንዴ ስዊቹ ተበላሽቶ መለዋወጫ ስላልተገኘ መካኒኩ «ለዛሬ ብቻ» ብሎ አስሮት ዛሬው ወራት ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ስዊቹ ደህና ነው፤ ነገር ግን ሊጡን እያዩ ዱቄትና ውኃ ለመጨመር፣ ከጎን የተጣበቀውን ለመፋቅ ክዳኑን መክፈት ስለሚያስፈልግ ማሽኑ በቆመ ቁጥር የሚጠፋው ጊዜ አሰልችቷቸው ነው። የመጀመሪያው የግዢ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የአሠራር ጉዳይ። በኋላ እንድትጽፊ የምመክርሽ ደብዳቤ የትኛው እንደሆነ ከጠቀሰ መፍትሔው ይፈጥናል። አዲስ ስዊች የሚገዛ ከሆነ ከክዳኑ ጋር የሚንቀሳቀስ የራሱ ምላስ ያለውን እንዲመርጡ መካኒኩን አስታውሺው፤ ክዳኑ ወርዶ ያ ምላስ ካልገባ በቀር ማሽኑ አይነሳም፤ እንደ ተራው ስዊች በሽቦ ወይም በፕላስተር ተጭኖ የሚታለል አይደለም።

አሁን ስለ መብራቱ። ጥያቄሽን ሳነብ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ይህ ነው፤ አንቺ ግን በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው። መብራት ሲጠፋ የቆመ ማሽን ጠፍቷል ማለት አይደለም። መብራት ይመለሳል፤ ጀነሬተርም ሳይታሰብ ይነሳል፤ በዚያች ቅጽበት እጃችሁ ሮለሩ መካከል ነው። በትክክል የተሠራ ማሽን ኃይል ሲቋረጥ ኮንታክተሩ (ለሞተሩ ኃይል የሚያገናኘው ክፍል) ይለቃል፤ መብራት ሲመለስም ሰው መጥቶ የማስነሻውን ቁልፍ እስኪጫን አይነሳም። የቀድሞው ቁልፍ ተበላሽቶ በምትኩ እንደ ቤት ማብሪያ ማጥፊያ በአንድ ቦታ የሚቀር ስዊች ተገጥሞ ከሆነ ግን መብራት እንደመጣ ማሽኑ ራሱ ይነሳል። የእናንተው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው፦ መብራት በጠፋበት ጊዜ ሁላችሁም ከማሽኑ ራቁ፤ ሲመለስ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ራሱን ችሎ ከተነሳ ያንኑ ሌሊት ለኤሌክትሪክ ባለሙያው መነገር ያለበት ነገር ነው።

ማሽኑ በራሱ ባይነሳም እንኳ ሌላ ሰው ሊያስነሳው ይችላል። ስለዚህ ለጽዳትም ሆነ ለጥገና እጅ የሚገባ ከሆነ የማሽኑ ብሬከር ይወርዳል፤ ብሬከሩ ላይ ከሱቅ የሚገዛ ተራ ጓጉንቸር ይቆለፍበታል፤ ቁልፉም እጇን በምታስገባው ሠራተኛ ኪስ ይቀመጣል። ሁለት ሰዎች ከገቡ ሁለት ጓጉንቸር ይሆናል። ከዚያ የማስነሻውን ቁልፍ ተጭኖ ማሽኑ አለመነሳቱን ማረጋገጥ ነው። ቁልፉ በፈረቃ ኃላፊው ኪስ ይቀመጥ የሚል ሐሳብ ቢመጣ አትቀበሉት። እጁን ያላስገባ ሰው ሥራው ያለቀ ሲመስለው ሊከፍተው ይችላል።

ወደ ሊጡ ልመለስ፤ የመከለያው መነሳትም የኃላፊው ቁጣም ሥር ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁና። መከለያውን ያነሳው ሰው እጅ ይቆረጥልኝ ብሎ አላነሳውም። ሊጡ እየቆመ አስቸገረው፤ በቆመ ቁጥር ቡሎን እየፈታ መከለያ ማንሳትና መመለስ ታከተው፤ አንድ ቀን ሳይመልሰው ቀረ። አሁን መከለያው በግድ ቢመለስና ሊጡ መቆሙን ባይተው በአንድ ወር ውስጥ ተመልሶ ይነሳል። ስለዚህ ሊጡ ለምን እንደሚቆም መጠየቅ አለብን፤ አንቺም ፍንጩን ሰጥተሽኛል፦ በሌሊት ፈረቃ ይብሳል።

ሊጥ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል። በውርጭ ሌሊት ዱቄቱ ከቀዝቃዛ መጋዘን ወጥቶ በቧንቧ ቀዝቃዛ ውኃ ከተቦካ፣ ሊጡ ቀን ላይ ከሚቦካው በጣም ይከብዳል፤ ሮለሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይሳብም። በዳቦና በብስኩት ሥራ የዱቄቱ ቅዝቃዜ የሚካካሰው በውኃው ሙቀት ነው። የቀኑና የሌሊቱ ሊጥ ሙቀት በቴርሞ ሜትር ተለክቶ ለየብቻ ይመዝገብ፤ ልዩነት ከታየ በሌሊት የሚቦካበት ውኃ ሞቅ ይበል፣ ወይም የሌሊቱ ዱቄት ቀደም ብሎ ወደ ምርት ክፍሉ ይግባ። ይህ ካልፈታው የሮለሮቹ ክፍተትና የሊጡ አቀባበል በመካኒክ ይታይ። ለፈረቃ ኃላፊሽ ይህን ይዘሽ ብትቀርቢ «ማሽን አቁሚ» የምትል ሠራተኛ ሳትሆኚ «ማሽን እንዳይቆም» የምትል ሠራተኛ ሆነሽ ትቀርቢያለሽ። እርሱም እኮ የምርት ቁጥር የሚጠየቅ ሰው ነው።

መከለያውም እንዲመለስ ብቻ ሳይሆን እንዲሻሻል ጠይቁ። ሊጡን እያሳየ እጅን የሚከለክል መከለያ ከብረት ዘንግ ወይም ከተበሳ ላሜራ ከተማው ውስጥ ያለ ብየዳ ቤት ሊሠራው ይችላል፤ ለምግብ ማሽን የማይዝግ ብረት መሆን አለበት። ልኩን ለመካኒኩ ስጪው፦ በዓለም አቀፍ የማሽን ደህንነት ደረጃ መሠረት የመከለያው ስንጥቅ ወርድ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ መከለያው ሮለሮቹ ከሚነክሱበት ቦታ ቢያንስ 100 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ እስከ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 120 ሚሊ ሜትር። ከዚያ በላይ የሰፋ ስንጥቅ ጣትን አልፎ እጅን ያስገባል። በማጠፊያ የሚከፈትና ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆም ከሆነ ደግሞ ቡሎን መፍታት ስለማያስፈልግ የማንሳት ፈተናው ራሱ ይቀራል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በቃል መጀመር ጥሩ ነው፤ ኃላፊሽን በሰው ፊት ሳይሆን ፈረቃ ከመጀመሩ በፊት ለብቻው አነጋግሪው። ግን በቃል አይቅር። በብዙ ፋብሪካዎች ግድግዳው ላይ «እየዞረ እጅ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ይታያል፤ ከጽሑፉ ሥር ደግሞ ኃላፊው «ገፋ አድርጉት» ይላል። አደጋ የደረሰ ዕለት ግድግዳው ምስክር ይሆናል፤ የቃል ትእዛዙ ግን ምስክር የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በመርሕ ደረጃ አሠሪው በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ያደርገዋል። ሆኖም ሠራተኛው ሆን ብሎ ያደረሰው ጉዳት ከሆነ አሠሪው ነጻ ይሆናል፤ በዚህ ሥር ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስ ነው። የግድግዳው ጽሑፍ ለዚህ ክርክር ሊቀርብብሽ ይችላል። ወረቀት ያስፈለገሽ ለዚህ ነው። ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 93 ሠራተኛው ያየውን የመሣሪያ ጉድለትና አደጋ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ግዴታ ጥሎበታል፤ ስለዚህ ደብዳቤሽ ክስ ሳይሆን ግዴታሽን መፈጸም ነው። በአንቀጽ 92 ደግሞ አደጋውን የማስወገድ ግዴታ የአሠሪው ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ሰው አይወቅስ፤ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ለምርት ክፍል ኃላፊ። ጉዳዩ፦ የማሽን ደህንነት ጉድለትን ስለማሳወቅ። የሊጥ መዳመጫው መከለያ ከቦታው ስለተነሳና የማቡኪያው የክዳን ስዊች በሽቦ ታስሮ ስለሚሠራ በሠራተኞች ላይ አደጋ እንዳይደርስ እሰጋለሁ። በዚህ ቀን በሌሊት ፈረቃ በአንዲት ሠራተኛ ጣት ላይ ጉዳት ደርሷል። በሌሊት ሊጡ እየጠጠረ መቆሙ በእጅ ለመግፋት ምክንያት እየሆነ ስለሆነ የሊጡ ሙቀት እንዲታይ፣ መከለያውና ስዊቹ እስኪስተካከሉም ሊጡ በቆመ ጊዜ ማሽኑን አቁመን እንድናነሳ መመሪያ በጽሑፍ እንዲሰጠን እጠይቃለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተያት። መመሪያው ከተሰጠ ማሽኑን ስታቆሚ የሚቆጣሽ አይኖርም፤ ካልተሰጠም መጠየቅሽ ተጽፏል። ቀኑን ሞልተሽ በሁለት ቅጂ አዘጋጂ፤ አንዱን ስጪ፣ በሌላው ላይ የተቀባይ ፊርማና ቀን አስፈርመሽ ቤትሽ አስቀምጪ። አንፈርምም ካሉ በመዝገብ ቤት በኩል ገቢ አድርጊ። ከተቻለ ብቻሽን አትፈርሚ፤ አራት አምስት ሆናችሁ ስትፈርሙ ጉዳዩ የአንዲት ልጅ ቅሬታ መሆኑ ይቀርና የፈረቃው ጥያቄ ይሆናል። ፋብሪካው የደህንነት ኮሚቴ ወይም የሠራተኛ ማኅበር ካለው ግልባጩ ይድረሳቸው። ማኅበር ከሌለም አሥር ሠራተኞች ካሉበት ድርጅት ጀምሮ ማቋቋም እንደሚቻል እወቂ።

አንድ ነገር ደግሞ ላስጠንቅቅሽ፦ ሽቦውን በራስሽ አትፍቺ፣ ስዊቹንም አትንኪ፤ መከለያ አንሺ ብትባዪም እጅሽ ላይ ቡሎን መፍቻ አይገኝ። የደህንነት መሣሪያን ማንሳት፣ ማበላሸትና ቦታ ማስለወጥ በአንቀጽ 94 ለሠራተኛው የተከለከለ ነው።

«ደብዳቤውን ሰጥቼ ባይሰሙኝስ?» ትይኝ ይሆናል። ቀጣዩ በር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ነው። በከተማውና በዞኑ ይህን ሥራ የያዘው መሥሪያ ቤት ውስጥ ታገኚዋለሽ። ተቆጣጣሪው በሥራ ሰዓት ሁሉ ሳያሳውቅ ፋብሪካ መግባት ይችላል፤ ማሽኑ ለሠራተኞች አደገኛ ሆኖ ካገኘው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲስተካከል ያዛል። ብዙ ሠራተኛ የማያውቀው ጉዳይ ደግሞ አለ፦ ሕጉ ተቆጣጣሪው የአቤቱታውን ምንጭ እንዳይገልጽ፣ የመጣው በጥቆማ መሆኑን እንኳ ለአሠሪው ፍንጭ እንዳይሰጥ ይከለክለዋል። ስትሄጂ ይህን አስታውሺያቸው። ስለ ማሽኑ ዝርዝር ነገር ያዢ፤ የትኛው መስመር፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በየትኛው ፈረቃ። «ፋብሪካው አደገኛ ነው» የሚል አቤቱታ መዝገብ ያሞቃል እንጂ ሰው አያስነሳም።

እጅሽን እንድታስገቢ በቀጥታ ብትታዘዢ እምቢ ማለት ትችያለሽ። አዋጁ በአንቀጽ 14 አሠሪ ሠራተኛን ለሕይወቱ አደገኛ የሆነ ሥራ እንዲሠራ እንዳያስገድድ ይከለክላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ም በቂ ምክንያት ኖሮት ከቀረበ ከባድ አደጋ ራሱን ያራቀ ሠራተኛ በዚህ ሳቢያ እንዳይጎዳ ይጠብቀዋል። እምቢ ስትዪ ግን ከሥራ ቦታሽ አትጥፊ፤ «ማሽኑ ይቁምና አሁኑኑ አነሳዋለሁ» በዪ። ሥራ ትተሽ መሄድና አደገኛውን እርምጃ ብቻ እምቢ ማለት በኋላ በክርክር ጊዜ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አደጋው ተነግሮት እርምጃ ያልወሰደ አሠሪን ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ እንደሚቻልም አዋጁ በአንቀጽ 32 ይፈቅዳል፤ አንቺ ግን አሁን እዚያ ደረጃ ላይ አይደለሽም፤ ተጣድፈሽ መልቀቂያ አትጻፊ።

መባረርን በተመለከተ፣ የሁለት ዓመት ሠራተኛ ነሽ፤ የሙከራ ጊዜሽ ካለፈ ቆይቷል። በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ሥራ ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን አንቀጽ 26 በግልጽ ጽፎታል። ሕጉ ስለጻፈው ብቻ ማንም አይነካሽም ብዬ አልዋሽሽም፤ ሌላ ሰበብ ፈልጎ የሚያሰናብት አሠሪ አለ። ስለዚህ በሚቀጥሉት ወራት ሰዓትሽን አክብሪ፣ ሳታስፈቅጂ አትቅሪ፣ የሚሰጥሽን ማስጠንቀቂያ ሁሉ ቅጂውን ያዢ። ከተሰናበትሽም ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ሽማግሌ ሲመላለስ ያ ጊዜ እንዳያልፍብሽ።

የጓደኛሽ ጥፍር ግን ዛሬ ይታይ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። የተቀጠቀጠ ጣት ሥር የተሰበረ አጥንት ሊኖር ይችላል፤ የተሰበረው ደግሞ ቁስል ካለበት ሊያመረቅዝ ይችላል። ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ራጅ ካስፈለጋት ሆስፒታል ይላኳት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቷንም ትጠይቅ። «በር ዘጋብኝ» እንዳትል፤ በሥራ ላይ በማሽን መጎዳቷን ተናግራ በሕክምና ካርዷ ላይ ይጻፍላት። የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው፤ አደጋውን መመዝገብና ማሳወቅም የአሠሪው ግዴታ ነው። ከወራት በኋላ ጣቷ አልታጠፍ ቢላት ያ ካርድና ያ መዝገብ ከሌሉ በሥራ ላይ መጎዳቷን ማስረዳት ይቸግራታል። አብረሻት ሂጂ፤ ያየሽውንም ቀንና ሰዓት ጠቅሰሽ ፈርሚላት።